የለንደኑ አድራሻ

ቤይሩት ለሠራ ኢትዮጵያዊ ቡርጅ ሃሙድ እንግዳ ሠፈር አይደለም። እሑድ እሑድ እንጀራ የሚበላበት፣ የአገር ሰው የሚታይበት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ በወደቡ መጋዘን ቁጥር 12 የደረሰው ፍንዳታ የዚህን ሠፈር መስኮቶች ሳይቀር አረገፋቸው። በነጋታው ሰው መጥረጊያ ይዞ ወጥቶ መንገድ የሞላውን መስታወት ሲጠርግ ዋለ። ወደቡ ሥር ያለው ካራንቲና የደረሰበት ግን በመጥረጊያ የሚነሣ አልነበረም። በፍንዳታው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ።

የፈነዳው አሞኒየም ናይትሬት ነው። "ሮሱስ" የተባለች መርከብ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጆርጂያ 2,750 ቶን ጭና ወደ ሞዛምቢክ ስታመራ ቤይሩት ገባች፤ በዚያው ታግዳ ቀረች። ጭነቱ ወደ መጋዘን ተራግፎ ስድስት ዓመት ገደማ ተቀመጠ።

የሟች ቤተሰብ ታዲያ ማንን ይክሰስ? የአገር ቤቱ ምርመራ ተጠላለፈ፤ የመጀመሪያው መርማሪ ዳኛ ፋዲ ሳዋን ተነሡ፣ የተተኩት ታሪቅ ቢታርም ሥራቸው ደጋግሞ ታገደ። በጭነቱ የሽያጭ ውል ላይ ግን አንድ ስም ሰፍሯል፤ ሳቫሮ ሊሚትድ። የተመዘገበው ለንደን ነው።

ፍርድ ቤት የትኛውንም ኩባንያ ከየትም ጠርቶ አያቆምም፤ የሚያገናኛቸው ነገር ያስፈልጋል። በአሜሪካ አንድ ኩባንያ በማናቸውም ጉዳይ የሚከሰሰው በተቋቋመበት ወይም ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት ግዛት ነው፤ ሌላው ግዛት ሊጠራው የሚችለው በመሠረቱ ክሱ እዚያ ከሠራው ሥራ ጋር ሲያያዝ ብቻ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ሰው ያጡ ቤተሰቦችም ቦይንግን የከሰሱት ያኔ ዋና መሥሪያ ቤቱ በነበረባት ቺካጎ ነው። ለቤይሩት ሰዎች ለንደንን የከፈተላቸው ያው የምዝገባ አድራሻ ነው።

እሱም ሊያመልጣቸው ነበር። ሳቫሮ በ2013 ዓ.ም. ከመዝገብ ልሰረዝ ብሎ አመለከተ። ቢሰረዝ ኖሮ መጥሪያ የሚቀበል ተከሳሽ ባልተገኘ፣ ያ ሁሉ ሐዘን ደጅ በቀረ ነበር። የቤይሩት ጠበቆች ማኅበር ግን ፈጥኖ ተቃወመ፤ ስረዛው ቆመ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ምስጋና የምሰጠው ለዚህች የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው።

ክሱ ቀርቦ በ2015 ዓ.ም. የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሳቫሮን ኃላፊ አለው፤ በሰኔ ወር ለከሳሾቹ ከ800,000 ፓውንድ በላይ ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። ያ ውሳኔ ሲነበብ፣ ቤይሩት ውስጥ በዚህ ፍንዳታ ገና ማንም አልተፈረደበትም ነበር።