ከተራራው ራስ እስከ ባሕሩ ዳር

በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ከእሳተ ገሞራ የተወለዱት የሃዋይ ደሴቶች ሕዝብ ውኃን «ዋይ» ይለዋል፤ ሀብትን ሲጠራም ያንኑ ቃል ደግሞ «ዋይዋይ» ይላል። በእኛ ጆሮ የልቅሶ ድምፅ የሆነው ቃል በዚያ አገር የበረከት ስም መሆኑን ከተረዳሁ ወዲህ፣ የውኃው መገኛ የሆነውን ደን እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደ ጠበቁት፣ እንዴትስ ሊያጡት እንደ ደረሱ መመርመር ልማዴ ሆኗል። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቀድሞው ዘመን ምድሪቱ የምትከፈለው «አሁፑአአ» በሚባል ሥርዓት ነበር። ስሙ በወሰን ላይ የሚቆመውን የድንጋይ መሠዊያና በላዩ የሚቀመጠውን የዐሣማ ምስል ያመለክታል፤ በዓመቱ በዓል ግብሩ የሚቀርበው በዚያ ነበርና። አንዱ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ደመና ከሚያርፍበት ተራራ ተነሥቶ ሸለቆውን ተከትሎ እስከ ባሕሩ ስለሚወርድ፣ በላይ እንጨት የሚቆርጠውም፣ በመካከል ጎደሬውን የሚያጠጣውም፣ በታች ዓሣ የሚያጠምደውም የአንድ ውኃ ልጆች ነበሩ፤ «ኮኖሂኪ» የሚባለው ሹም፣ በእኛ ወግ ምስለኔ ብንለው ከእውነት የማንርቅ፣ የቦዩን ጠረጋና የውኃውን ተራ ያስከብር ነበር። ደኑን መጠበቅና ውኃውን መካፈል፣ ዛሬ በየራሱ መሥሪያ ቤት የሚታየው ነገር፣ ያን ጊዜ አንድ ጉዳይ ነበር።

ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የባሕሩን እርጥበት ተሸክሞ ከተራራው ጋር ሲጋጭ ጉም ይሆናል፤ «ኦሂአ» የተባለው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ፣ ከሥሩ ከተነጠፈው ቁጥቋጦ ጋር ሆኖ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ያንን ጉም በቅጠሉ ይዞ ጠል አድርጎ ያንጠባጥበዋል፤ ጠሉም በተቦረቦረው ዐለት ውስጥ ሰርጎ ከብዙ ዘመን በኋላ ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

በ1793 እንግሊዛዊው መርከበኛ ጆርጅ ቫንኩቨር ለንጉሥ ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ከብቶች በገጸ በረከት ባመጣ ጊዜ፣ ንጉሡ እንዲራቡ ብሎ ማንም እንዳይነካቸው «ካፑ» የሚባለውን ግዝት ጣለ። ግዝቱ በ1830 እስኪነሣ ድረስ እረኛ የሌለው መንጋ ተራራውን ሞላው፤ ችግኙን በላ፣ ሥሩን ረገጠ፣ በጥላው ቦታ ሣር ተተካ። ደኑን የጎዳው ግዝት በክፋት ሳይሆን በንጉሣዊ እንክብካቤ መጣሉ እጅግ ያሳዝነኛል። በ1848ም ታላቁ የመሬት ክፍፍል ርስቱን ለግል ባለ ይዞታ ከፈተው፤ ላይና ታች ተለያየ።

ከዚያ የሸንኮራ አገዳ ዘመን መጣ። ከአሜሪካ ጋር የተደረገው የንግድ ውል በ1876 ሲጸና፣ በማዊ ደሴት እነ ሄንሪ ባልድዊን ከምሥራቁ ተራራ ውኃ የሚያወርድ የሃማኩአ ቦይ መቆፈር ጀመሩ። አንድ ክንዱን በሸንኮራ መጭመቂያ ያጣው ባልድዊን ሠራተኞቹ ወደ ማሊኮ ገደል መውረድ ቢፈሩ፣ በቀረው እጁ ገመዱን ይዞ ቀድሟቸው ወረደ ይባላል። በዚያው ዓመት ንጉሥ ካላካዋ የደን ጥበቃ ሕግ አጸደቀ፤ ነገር ግን ሕጉ ጥርስ ያወጣው ደኑ ሲመናመን ቦዩ እንደሚጎድል ባለ እርሻዎቹ ራሳቸው ካዩ በኋላ ነው። በ1903 የደን ክልል ሕግ ወጣ፤ በ1904 የተሾመው የደን ሹም ራልፍ ሆዝመር የዚህ አገር ደን ዋና ፍሬ ሳንቃ ሳይሆን ውኃ መሆኑን አስተማረ፤ አጥር ታጠረ፣ የዱር ከብት ተገደለ። ለተራቆተውም ምድር፣ ምኒልክ ለአዲስ አበባ እንደ መረጡት ሁሉ፣ ባሕር ዛፍን ጨምሮ የባዕድ ዛፍ ተተከለ። የዕፅዋት ሊቁ ሃሮልድ ላየን የአገሩ ዛፍ ሟች ነው ብሎ በማመኑ ከውጭ የመጣውን በሰፊው አስፋፋ፤ ዛሬ ከእነዚያ ዛፎች አንዳንዶቹ ነባሩን ደን ያስጨንቃሉ።

በ1991 በምሥራቅ ማዊ መንግሥት፣ የከብት እርባታ ባለቤቶች፣ የመስኖው ኩባንያና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ ወሰናቸው ቢለያይም ተራራቸው አንድ ነውና፣ ወደ 100 ሺህ ኤከር የሚጠጋ ደን በኅብረት ለመጠበቅ ቃል ኪዳን ገቡ። አርአያቸው በሌሎቹ ደሴቶች ተስፋፍቶ ዛሬ ማኅበራቱ የሚጠብቁት ምድር ከ2 ሚሊዮን ኤከር ይበልጣል። ሥራው አድካሚ ነው፤ አጥሩ በሄሊኮፕተር ተጭኖ ወደ ጭቃማው ገደል ይወጣል፣ ዐሣማ ይባረራል፣ ዐሣማውን አድኖ ቤተሰቡን የሚመግብ ሰው ደግሞ በአጥሩ ያዝናል፤ ሐዘኑም እንደ ከንቱ ሊቆጠር አይገባውም።

የቃል ኪዳኑ ጉድለት ግን ከአጥሩ በታች ነበር። ደኑ ሲጠበቅ ውኃው በቦዩ ወደ ሸንኮራው ሜዳ መሄዱን አላቆመም፤ በምሥራቅ ማዊ ሸለቆዎች ጎደሬ የሚያለሙት ነባር ቤተሰቦችም ጅረታቸው እንዲመለስ ለዓመታት ተሟገቱ። በ2016 መጨረሻ የማዊው ስኳር ፋብሪካ፣ የደሴቶቹ ሁሉ የመጨረሻ፣ ምርቱን አቆመ። በ2018 የውኃው ኮሚሽን ዐሥር ያህል ጅረቶች ሳይጠለፉ በሙሉ እንዲፈስሱ አዘዘ፤ ውኃውም ከኦሂአው ሥር ተነሥቶ የጎደሬውን መደብ አጥግቦ ወደ ባሕሩ ወረደ።