ቅልብ ፈረስ

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት እንደ ተጓዛችሁ መሸንቲን ታገኛላችሁ። እዚያ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዳማ ፈረስ አየሁ። ጋማው የበቀለበት ደንደሱ አብጦ ወደ ጎን አዘንብሏል፤ ጎድኑ በጣት ቢፈለግ አይገኝም፤ በጀርባው መካከል የዝናብ ውኃ የሚቋጥር ቦይ ተሠርቷል። መንገደኛው ቆም እያለ «ይህስ ተቀልቧል!» ብሎ ያደንቃል። ፈረሱ ግን የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን በኋላ እግሮቹ ላይ ጥሎ፣ ዝንቡን እንኳ ሳያባርር ቆሟል። በአጠገቡ አጥንቱ የሚቆጠር የጋሪ ፈረስ ጡብ ጭኖ አለፈ። እርሱን ማንም አላየውም።

ባለቤቱ በትውልዳቸው አገው፣ በኑሯቸው የመሸንቲ ሰው የሆኑ አዛውንት ናቸው። «ለጥር ጊዮርጊስ ነው የቀለብሁት» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራትም ሥጋትም ነበረበት።

«ቅልብ» የምትለውን ቃል እስኪ ለአፍታ እንመልከታት። ቅልብ በግ እንላለን፤ ቅልብ በቅሎ እንላለን፤ ጌታው ከራሱ ግርግም የሚያበላውን ሠራዊት እንኳ ቅልብ ጦር ብለነዋል። ከመስክ ተለይቶ፣ በጋጥ ታሥሮ፣ ሰው ሊበላው የሚችለውን ገብስ የሚበላ ማለት ነው። በቋንቋችን ውስጥ ስለ ሰባ ፈረስ ክፉ የሚናገር ቃል ፈልጌ አጣሁ። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። በዚህች አገር ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበርና፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ሰው የፈረሱ አባት ተብሎ ከተጠራ የፈረሱ መክሳት የማን ውርደት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያስተዳድረው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ስሙ ዛሬም በአዲስ አበባ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ለዚህ ክብር መሸንቲ ካለችበት ምድር የተገኘ አንድ ምስክር አለ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር ወደ ግሽ ዓባይ ሲወርድ፣ ከጣና በስተ ደቡብ ያለውን የሜጫን አገር ማቋረጥ ነበረበት። ያን ጊዜ የአካባቢው ኃያል የነበረው ፋሲል የራሱን ፈረስ ሰጠው፤ ሊቀመጥበት ግን አይደለም። ኮርቻና ልጓሙ እንዳለ ከፊት ከፊቱ እንዲነዳው ነበር። ያን ፈረስ ያየ ሁሉ መንገደኛውን አይነካውምና። ባዶ ኮርቻ የተሸከመ ፈረስ የጌታው እንደራሴ ሆኖ አገር ያሳልፍ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፈረስ ጎድኑ ቢቆጠር ማን ይፈራዋል?

ነገር ግን የዚያ ዘመን ስብ ወጪ ነበረው። ክረምቱን ሠራዊቱ ይከትታል፤ ፈረሱ ሣርና ገብስ ይበላል። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ዘመቻ ይወጣል፤ የክረምቱም ስብ በበጋው መንገድ ላይ ያልቃል። በሰላሙም ዘመን ጉግስ አለ፤ በጥምቀት ሜዳ ላይ ያለ ርኅራኄ የሚያስሮጥ ጨዋታ። ሁሉም ስብ ወጪ ሆኖ ያልቅ ነበር፤ ከከፋዩ በስተቀር። ከፋዩ ገበሬው ነው። በቤቱ የተመራበት ወታደር የራሱን ብቻ ሳይሆን የከብቱንም ቀለብ ከእርሱው ጎተራ ነበር የሚጠብቀው። የፈረሱ ታፋ ላይ የሚያበራው ጮማ የአንድ ጭሰኛ ልጆች ቂጣ እንደ ነበረ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ብዙም አይነግሩንም። ስለ ፈረስ ውበት ስናወራ ይህን ብንጨምር ለፈረሱ ስድብ አይሆንበትም።

ከዚያ ፈረሱ ሥራ ፈታ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ የንጉሥ ሚካኤል ፈረሰኞች መትረየስ ፊት ወደቁ። ከ19 ዓመት በኋላ ጣልያን አውሮፕላንና መርዝ ይዞ መጣ። በ1932 ዓ.ም.፣ ወረራው ገና ሳያበቃ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ለማሰብ። ዓድዋ የካቲት 23 ነው፤ የማኅበሩ በዓልም ጥር 23 በእንጅባራ ይከበራል። ሁለቱም የጊዮርጊስ ዕለት ናቸው፤ ባለ ነጭ ፈረሱ ሰማዕት።

አዛውንቱ በጉብዝናቸው ከመሸንቲ እንጅባራ የሚሄዱት በፈረሱ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አድረው፣ አጠጥተው፣ እንደገና ኮርቻ ጭነው። ኋላ ጉልበታቸው ደከመ፤ ፈረሱም በአይሱዙ ተጭኖ መሄድ ጀመረ። ገብሱ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም፣ ወልደው የከበሩና ባሕር ዳር የሚኖሩ ልጆቻቸው በኩንታል ይልኩላቸው ነበር።

ከገብስ የሚመጣ የፈረስ ሕመም አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ያነሣዋል፤ የሕመሙ ስም ራሱ በግሪክኛ «ገብስ» ከሚለው ቃል የተወለደ ነው። የዛሬው ሕክምና ምክንያቱን ያብራራዋል። የበዛ ገብስ ሳይፈጭ ወደ ታችኛው አንጀት ይወርድና ይብላላል፤ ውፍረቱም ሲሰነብት በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን ከልክ በላይ ያንረዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ሰኮናው ነው፤ አጥንቱን ከሰኮናው ግድግዳ ጋር ያያያዙት ስስ ንጣፎች ይላቀቃሉ፤ ሲብስ አጥንቱ ወደ ታች ይዘነበላል። ያ በመንገድ ዳር ተዘርግቶ የቆመው የፊት እግር ትዕቢት አልነበረም።

አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ሰኮናውን ዳበሰና ሙቀቱን ሲያይ «አያ፣ ገብሱን ዛሬውኑ ያቁሙ» አላቸው።

«የጾመ ፈረስ ይዤ ጊዮርጊስ ፊት ልቀርብ ነው ልጄ?»

«አያስጾሙት! ማስጾም ይገድለዋል።»

አዛውንቱ ግራ ተጋቡ፤ እኔም እንዲሁ። ለወፈረ ፍጥረት ከጾም ሌላ ምን መድኃኒት አለ? ልጁ ግን በትዕግሥት አስረዳ። የወፈረ ፈረስ ድንገት ሲራብ ከአካሉ የሚፈታው ስብ ደሙን ያጥለቀልቀዋል፤ ጉበቱን ይዘጋዋል። በአህያና እርጉዝ ባዝራ ላይማ የባሰ ነው። ጨጓራውም ያለ ማቋረጥ አሲድ የሚያመነጭ ስለሆነ ባዶ መዋል አይወድም። እንግዲህ እህሉ ይቀራል፤ ድርቆሹ ይቀጥላል። 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ቢሆን በቀን 4.5 ኪሎ ያህል፣ የክብደቱ 1.5 በመቶ መሆኑ ነው፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ። ድርቆሹን በውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ስኳሩን ይቀንሰዋል። ግልቢያ ለጊዜው ክልክል ነው፤ በታመመ ሰኮና ላይ ማስሮጥ ቁስል ላይ መርገጥ ነውና። ሰኮናው ከዳነ በኋላ ብቻ፣ በእጅ እየተሳበ፣ መጀመሪያ እርምጃ፣ ከሳምንታት በኋላ ሶምሶማ።

ሚዛን አልነበረም። ሐኪሙ አንድ ሲባጎ አምጥቶ በፈረሱ ደረት ዙሪያ አዞረና ጫፉ የደረሰበት ላይ ቋጠሮ ቋጠረ። «በየአሥራ አምስት ቀኑ ይለኩት። በአንድ ጊዜ ብዙ ከጠበበ ይጥሩኝ፤ ጥሩ ምልክት አይደለም» አለ። እኔን የገረመኝ ይህ ነበር፤ ቶሎ መክሳትም ያስፈራል።

በዚያ ዓመት ጥር 23 አዛውንቱ ወደ እንጅባራ የሄዱት በአውቶቡስ ነው። ኮርቻውና ጌጡ ቤት ቀረ። ሲመለሱ መሸንቲ አግኝቻቸው ስለ በዓሉ ጠየቅኋቸው፤ ስለ ሽምጥ ግልቢያው፣ ስለ አምባላዮቹ ብዙ አላወሩኝም። ከካፖርታቸው ኪስ ያን ሲባጎ አውጥተው ዘረጉልኝ። ከመጀመሪያው ቋጠሮ ወዲህ፣ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ፣ አዲስ ቋጠሮ ነበረበት። ለማኅበርተኞቻቸውም ይህንኑ ሲያሳዩ እንደ ዋሉ ነገሩኝ።