እንጦጦ፦ ከእንግድነት ወደ ቤተሰብነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የእንጦጦ ተራራ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው መናፈሻ ነው። ከመናፈሻው አስቀድሞ ግን ተራራው የጸሎት ስፍራ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ቅዱስ ራጉኤልና ኪዳነ ምሕረትም በዚሁ ተራራ ይገኛሉ።

ምእመናን ጸበል ፍለጋ ወደዚህ ይወጣሉ። ከጸበሉ በኋላ ግን ወዴት እንሄዳለን? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደተጻፈው፣ ጌታችን ካነጻቸው ዐሥር ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ፣ ያውም ሳምራዊው ነበር። ዘጠኙ ጤናን አገኙ፤ እርሱ ግን ጤናን የሰጠውን አገኘ።

በበዓል ቀን ተሳልሞና ተጠምቆ ብቻ መመለስ እንግዳ ያሰኛል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን በኤፌሶን መልእክቱ (2፥19) ምእመናንን የእግዚአብሔር ቤተሰዎች ይላቸዋል። ይህ ቤተሰብነት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን በሚቀበሉት ጥምቀት ይጀምራል፤ በንስሐና በቅዱስ ቁርባን ይጸናል።

ዛሬ ብዙዎች የመኖሪያ ሰፈራቸውን ሲለውጡ አጥቢያቸውንም ንስሐ አባታቸውንም ያጣሉ። ጉድለቱ የሚታወቀው በሕመምና በሞት ቀን፣ “ንስሐ አባቱ ማን ናቸው?” ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ከእንጦጦ የተመለሰ ሁሉ በሚኖርበት አጥቢያ ንስሐ አባት ይያዝ፤ በሰበካ ጉባኤው ይመዝገብ፤ ልጆቹን ሰንበት ትምህርት ቤት ያስገባ። ከተራራው የተቀበልነው በረከት ፍሬ የሚያፈራው በአጥቢያችን ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።