ድብ፣ ሽጉጥና በርበሬ

ኢትዮጵያ ውስጥ ድብ የለም። አማርኛ አንባቢ ድብን የሚያውቀው በአብዛኛው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲል አንበሳና ድብ መግደሉን ለሳኦል ከተናገረበት ቦታ። በሰሜን አሜሪካ ግን «ጫካ ስገባ ድብ ቢመጣብኝ ምን ይዤ ልገኝ?» የሚለው ጥያቄ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሞት ሽረት ክርክር ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ መሣሪያው እየከበደ ሄደ። ችግሩ ግን ያው ነው፦ ጊዜ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፕሬዝዳንት ጄፈርሰን ተልኮ የምዕራቡን ምድር ያስስ የነበረው ሜሪዌዘር ሉዊስ፣ ጁን 14 ቀን 1805 ዛሬ ሞንታና በሚባለው ግዛት አንድ ጎሽ ተኩሶ መታ። ጎሹ እስኪወድቅ እያየ ጠብመንጃውን መልሶ ማጉረሱን ዘነጋ። ዞር ሲል ግሪዝሊ የሚባለው ቡናማ ድብ ሃያ እርምጃ ያህል ቀርቶታል። የዘመኑ ጠብመንጃ አንዴ ከተተኮሰ ባሩድና አረሩ በአፈሙዙ በኩል እንደገና መጠቅጠቅ ነበረበት። ሉዊስ ሮጦ ወንዝ ውስጥ ገባ፤ ውሃው ወገቡ ሲደርስ ዞሮ የያዘውን ጦር ደገነ። ድቡ ድንገት ፊቱን አዙሮ ፈረጠጠ። ሰውየው የተረፈው አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ነው።

በ1836 ሳሙኤል ኮልት፣ ስሙ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ ያልሆነው፣ ደጋግሞ የሚተኩሰውን ሪቮልቨር የአሜሪካ ፓተንት አገኘበት። አንድ ተኩሶ ባዶ እጅ መቅረት ቀረ። ቀጥሎ የመጣው ቅሬታ የጥይቱ ጉልበት ነበር። የአይዳሆው ከብት አርቢና የመሣሪያ ጸሐፊ ኤልመር ኪዝ ለዓመታት ከወተወተ በኋላ፣ በ1955 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የ.44 ማግነም ሽጉጥ አወጣ። በ1971 ክሊንት ኢስትውድ «ደርቲ ሃሪ» በተባለው ፊልም ይዞት ሲታይ ፈላጊው በዛ። በ2003 ደግሞ ያው ኩባንያ ረዥም አፈሙዝ ያለው ሞዴሉ 2 ኪሎ ያህል የሚመዝን የ.500 ማግነም ይዞ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ1800 አካባቢ ከአላስካ ውጭ ባለው አሜሪካ 50,000 ያህል ግሪዝሊ እንደነበረ ይገመታል። በ1975 በሕግ ጥበቃ ሲደረግለት የቀረው ከ1,000 በታች ነበር። ድቡ እያነሰ ሲሄድ ሽጉጡ አደገ።

ፍርሃቱ ግን መሠረት የለሽ አይደለም። ኦገስት 13 ቀን 1967 ሌሊት በግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ ሁለት ወጣት ሴቶች፣ በተለያየ ቦታ፣ በሁለት የተለያዩ ድቦች ተገድለዋል። ከአደጋው ጀርባ የተገኘው የሰው ምግብና ቆሻሻ ነበር፤ ድቦቹ ትርፍራፊ መብላት ለምደዋል። ፓርኮቹ ከዚያ በኋላ የቆሻሻ አያያዛቸውን ቀየሩ። ይህ እርምጃ ምንም ሽጉጥ አልጠየቀም።

እንግዲህ ሂሳቡ እንዲህ ነው። ግሪዝሊ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ 30 ሜትር ላይ ቢነሳ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። በሁለት ሰከንድ ቦርሳ አይፈታም። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሽጉጡን ማኅደር ደረታቸው ላይ የሚያስሩት ለዚህ ነው፤ ወገብ ላይ ከሆነ የቦርሳው ቀበቶ ይሸፍነዋል። ሲመታ የማይፈነዳ ጠንካራ አረር የሚመርጡትም በወፍራም ጡንቻና አጥንት ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ነው። ከመጠን በላይ የሚራገጥ ሽጉጥ ደግሞ ሁለተኛውን ጥይት ያዘገያል። በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ በውሻ ተንሸራታች የሚዘዋወረው የዴንማርክ ሲሪየስ ቃፊር ከጠብመንጃው ሌላ ለነጭ ድብ የሚይዘው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ግሎክ 20 ነው፤ ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል።

ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2012 ባወጡት ጥናት በአላስካ የተመዘገቡ 269 የድብና የመሣሪያ ክስተቶችን መርምረዋል። ሽጉጥ 84 በመቶ፣ ረዥም ጠብመንጃ 76 በመቶ ተሳክቶለታል። ነገር ግን መሣሪያቸውን በተጠቀሙትና ይዘው ሳይጠቀሙ በቀሩት ሰዎች መካከል የጉዳት ልዩነት አልታየም። መሣሪያ ላለመሳካቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው ጊዜ ማጣት ነው።

በ1980ዎቹ የሞንታና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ሞከሩ፦ የሚጥሚጣን ማቃጠያ ንጥረ ነገር በጣሳ አምቆ መርጨት። በ2008 የወጣው የእነዚሁ አጥኚዎች ሥራ ርጭቱ ቡናማ ድብን 92 በመቶ እንደገታ፣ በቅርብ ርቀት ከተጠቀሙት ሰዎችም 98 በመቶው ሳይጎዱ እንደወጡ አሳየ። የሽጉጥ ደጋፊዎች አንዳንዶቹ ድቦች ለማወቅ ጓጉተው የቀረቡ እንጂ ያጠቁ አልነበሩም ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ ሁለቱን አሃዞች ጎን ለጎን አቁሞ ማበላለጥ አይቻልም። ርጭቱም ቢሆን ከ10 ሜትር ብዙ አይርቅም፣ ነፋስም ይመልሰዋል።

ይሁንና ርጭት እንደ ጥይት አንዲት ነጥብ መምታት አይጠበቅበትም፤ ደመና ሠርቶ ይጠብቃል። በደነገጠና እጁ በሚንቀጠቀጥ ሰው ዘንድ ይህ ብዙ ነው። ቦርሳ ውስጥ የተቀበረ ጣሳ ግን ቦርሳ ውስጥ ከተቀበረ ሽጉጥ አይሻልም። ስለዚህ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ሰው ራሱን መጠየቅ ያለበት «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ አይደለም። «በሁለት ሰከንድ እጄ ላይ የሚገባው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ሉዊስ ያን ቀን በእጁ የነበረው ጦር ብቻ ነበር።