የተዋጠ ስለትና የጉበት መግል

እ.ኤ.አ. በ1898 ላምበርት የተባለ ሐኪም በኒው ዮርክ የሕክምና መጽሔት ምንጩ ያልተለመደ የጉበት መግል ገልጾ ጻፈ፤ የተዋጠ ባዕድ ነገር ወደ ጉበት ዘልቆ መግል ስለማስከተሉ ከተጻፉት ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው ይባላል። ዘመኑ ግን ዓይኑን የጣለው በአሜባ ላይ ነበር። ሮጀርስ በ1912 በካልካታ ኤሜቲንን ካስተዋወቀ ወዲህ፣ የቆላ ሐኪም መግል የቋጠረ ጉበት ባየ ቁጥር አሜባን ማሰቡ ልማድ ሆነ፤ አላጠፋም፣ ብዙውን ጊዜ ትክክል ነውና።

ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ባለው የአርብቶ አደር አገር ደግሞ ከውሻ የሚተላለፈው የጉበት ከረጢት ይታከልበታል። ስለዚህ ስለት የሚጠረጠረው በመጨረሻ ነው። በሌላው ዓለም ዋናው ጥፋተኛ የዓሣ አጥንት ነው፤ በጅግጅጋ ገበታ ግን የፍየልና የግመል ሥጋ ይቀድማል። ሻሽ ስታስር ስፒሉን በከንፈሯ የምትይዝ ሴትም አለች።

በሽተኛው የዋጠውን አብዛኛውን ጊዜ አያስታውስም። ስለቱ ጨጓራውን ወይም የአንጀቱን መጀመሪያ በስቶ፣ ይበልጡን ወደ ጉበቱ ግራ ክፍል ይዘልቃል። መግሉ ቢቀዳ፣ መድኃኒቱም ቢሰጥ፣ ባዕዱ ነገር እስካልወጣ ድረስ ትኩሳቱ ያገረሻል። የከብት ሐኪሞች ሽቦ ከዋጠች ላም ይህን ከእኛ ቀድመው ሳይማሩ አልቀሩም። ራጅ ስፒሉን ያሳያል፤ ቀጭን አጥንትና የእንጨት ስንጥር ግን ብዙ ጊዜ ያመልጡታል።