ከቀይ ባንዲራ እስከ መንጃ ፈቃድ፦ የእንግሊዝ አገር የመንገድ ሕግ ታሪክ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመነ መንግሥት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1865 በታወጀው ሕግ መሠረት፣ በእንፋሎት ኃይል የሚሄድ ሠረገላ በእንግሊዝ አገር ጎዳና ሲያልፍ ከሦስት ያላነሱ ሰዎች እንዲያጅቡት፣ ከእነርሱም አንዱ ቀይ ባንዲራ ይዞ 60 ያርድ ያህል ቀድሞ በእግሩ እንዲሄድ፣ ፍጥነቱም በገጠር በሰዓት ከ4 ማይል፣ በከተማ ከ2 ማይል እንዳይበልጥ ታዝዞ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ፈረስ እንዳይደነብርና መንገደኛ እንዳይጎዳ ይህን ያህል ሲጠነቀቁ፣ መሪውን የሚጨብጠው ሰው ዓይኑ ያይ እንደ ሆነ፣ እጁም የሠለጠነ እንደ ሆነ የሚመረምር ሥርዓት ግን አላቆሙም።

ጥንቃቄው በ1896 ላላ፤ የፍጥነቱም ወሰን 14 ማይል ሆነ። አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በነሐሴ ወር፣ በለንደን ክሪስታል ፓላስ ግቢ አንዲት የ44 ዓመት ሴት ለትርኢት በሚነዳ አውቶሞቢል ተገጭታ ሞተች፤ ጉዳዩን የመረመሩትም ዳኞች ሞቱ በድንገተኛ አደጋ የደረሰ ነው ብለው በየኑ።

መንጃ ፈቃድ የታዘዘው በ1903 በወጣው ሕግ ነው። ከ1904 መባቻ ጀምሮ ዕድሜው 17 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው ለአውራጃው ምክር ቤት 5 ሺሊንግ ከከፈለ ፈቃዱ ይሰጠው ነበር፤ ፍሬን መያዝ ይወቅ አይወቅ፣ በሩቅ ያለውን እግረኛ ይለይ አይለይ ግን የሚጠይቀው አልነበረም። ያ ወረቀት ከግብር ደረሰኝ በምንም አይሻልም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1930 የወጣው ሕግ ነጂው ስለ ገዛ ጤንነቱ በፊርማው እንዲያረጋግጥ አዘዘ፤ ፈተናም ቢሆን የተጀመረው በአካል ጉዳተኞች ላይ ብቻ ነበርና፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ የፈረመው ሁሉ ያለ ምርመራ ወደ መንገድ ይወጣ ነበር። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ይኸው ሕግ የትንንሽ አውቶሞቢሎችን የፍጥነት ወሰን ጨርሶ ማንሣቱ ነው።

በ1934 በብሪታንያ መንገዶች 7,343 ሰዎች ሞቱ። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ሌስሊ ሆር-ቤሊሻ በከተማ የ30 ማይል ወሰን እንዲደነገግ ካደረጉ በኋላ፣ ከ1935 ሰኔ 1 ቀን ጀምሮ የመንዳት ፈተና ግዴታ ሆነ። የፈተና ጣቢያ ገና ስላልተሠራ፣ ተፈታኙ 7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ከፍሎ ፈታኙን የሚያገኘው በባቡር ጣቢያ፣ በፖስታ ቤት ደጃፍ ወይም በመናፈሻ በር ነበር፤ እዚያም በ25 ያርድ ርቀት ያለውን የመኪና ታርጋ እንዲያነብ ይጠየቅና፣ እጁን በመስኮት እያወጣ ምልክት በመስጠት፣ ወደ ኋላም በመንዳት ችሎታውን ያሳያል። በዚያው ዓመት የሟቾች ቁጥር ወደ 6,502 ወረደ፤ ምስጋናው ለፈተናው ብቻ ሊሰጥ አይገባም፣ የፍጥነቱ ወሰንም ድርሻ አለውና። ሆኖም ከ1934 ሚያዝያ 1 በፊት ፈቃድ ያወጡት ከፈተናው ነጻ ስለ ተደረጉ፣ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይፈተኑ ዕድሜያቸውን ሁሉ በሕጋዊ መንገድ ሲነዱ ኖረዋል።

ዛሬ ደግሞ ተራው ያለ ሰው እጅ የሚሄደው መኪና ሆኗል። በ2024 የጸደቀው የብሪታንያ ሕግ፣ እንዲህ ያለው መኪና ጠንቃቃና ብቁ ከሆነ ሰው ያላነሰ ደኅንነት እንዲኖረው ይደነግጋል፤ መኪናው ራሱን ሲነዳ ለሚፈጸመው የአነዳድ ጥፋት በውስጡ የተቀመጠው ሰው ሳይሆን ፈቃዱን የተቀበለው ድርጅት እንዲጠየቅ፣ መንገድ ከወጣ በኋላም ክትትሉ እንዲቀጥልና ጉድለት ቢገኝ ፈቃዱ እንዲነጠቅ ያዛል።

ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ለማሽኑ የታዘዘው የዘወትር ክትትል ለሰው አልታዘዘም። በ17 ዓመቱ ታርጋ አንብቦ ያለፈ ሰው፣ 70 ዓመት ሲሞላው ፈቃዱን በየሦስት ዓመቱ የሚያሳድሰው ዛሬም ዓይኑ በሐኪም ታይቶ ሳይሆን፣ እንደ 1930ው ሁሉ የራሱን ቃል ሰጥቶ ነው። በእኔ ፍርድ፣ የሰው ዓይን ከዕድሜ ጋር እንደሚደክም እያወቁ በባለቤቱ ቃል ብቻ መተማመን ለእግረኛው ነፍስ አለመጨነቅ ነውና፣ ፈቃድ በታደሰ ቁጥር የዓይን ሐኪም ማስረጃ በሕግ ግዴታ ሊሆን ይገባዋል።