ጓዳ እና ጉድጓድ፦ የድምፅ መመሳሰል ዝምድናን ያረጋግጣልን?

በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ ባሉ የእንሰት ቀበሌዎች ለክፉ ቀን የሚሆነው ምግብ የሚኖረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። የተፋቀው እንሰት በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበራል፤ ድንጋይ ይጫነዋል፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ የቤቱን ስንቅ የሚያኖረው ጓዳ ነው። ሁለቱም ከእንግዳ ዓይን የተሰወሩ፣ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ማኖሪያዎች ናቸው። ድምፃቸው ይቀራረባል፤ «ጓዳ ጎድጓዳ» የሚለው የዘወትር አነጋገርም ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ስለዚህ ጓዳን «ጎደጎደ» ከሚለው ግስ ማውጣት ይቀላል። እኔ ግን ይህን የዘር ሐረግ አልቀበለውም።

ምክንያቴ በመጀመሪያ የቃል አመሠራረት ነው። «ቀለጠፈ» ቀልጣፋን፣ «ጠነከረ» ጠንካራን እንደሚሰጥ ሁሉ «ጎደጎደ» ጎድጓዳን ይሰጣል፤ እስከዚህ ሥርዓቱ ጥርት ያለ ነው። ጓዳ ግን ከሥሩ ግማሹ እንዲቆረጥ ይጠይቃል። እንደ ጎደጎደ ፊደሎቹን የሚደግመው «ለሰለሰ» ለስላሳን ወለደ እንጂ «ላሳ» የሚባል ስም አላወጣም። የፊደል መመሳሰልም ብዙ ያታልላል፦ ግዕዙ «ጐድጐደ» በር አንኳኳ ማለት ነው፤ ከቁፋሮ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በአነጋገር መጣመርም የዘር ማስረጃ አይሆንም። «ወግ ማዕረግ» ስንል ማዕረግ ከ«ዐረገ» የመጣ ነው፤ ወግ ከዚያ ግስ አልወጣም፤ ያጣመራቸው ቤት መምታታቸው ነው።

ነገሩን ገልብጦ የሚሞግት ይኖራል፦ ጓዳ ቀድሞ ኖሮ፣ ጎደጎደ ከእርሱ ተደጋግሞ የወጣ ቢሆንስ? ይህ ከፊተኛው የበረታ ሙግት ነው፤ በአመሠራረት ብቻ አይረታም። ፍቺው ግን አያግዘውም። በሀዲያና በከምባታ ክብ የሣር ቤት የከብቱ ማደሪያ ከሰው መኖሪያ የሚለየው በግርዶሽ ነው፤ የአማርኛው ጓዳም እንዲሁ ይከለላል እንጂ አይቆፈርም። ከመከለል ወደ መጎድጎድ የሚያሻግር የፍቺ መንገድ አይታየኝም። «ሁለቱም ገባ ያለ ቦታ ናቸው» ማለትም አይበቃም። በእንግሊዝኛ በግድግዳ ውስጥ ገባ ላለ ቦታ የሚውለው «አልኮቭ» በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ በኩል የመጣ የዓረብኛ ቃል ነው፤ ምንጩ «አል ቁባ» ደግሞ ከላይ የተደፋ ጉልላትን ይጠራል። የዛሬውን ፍቺ ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው እዚያ አይደርስም ነበር።

የጓዳ ምንጭ ከሴም ቋንቋዎች ውጭም መፈለግ አለበት፤ አማርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለዘመናት ተጎራብቷልና። የሀዲያው «ሚኔ» እና የኦሮሞው «መና»፣ ሁለቱም ቤት ማለት ናቸው፤ ዘመዳሞች የተባሉት ድምፃቸው ስለተቀራረበ ብቻ ሳይሆን የድምፆቹ ትይዩነት በሌሎች ቃላትም ስለሚደገም ነው። ጓዳን ከጉድጓድ ጋር የሚያዛምድ ሰው የሚጠየቀው ማስረጃም ከዚህ አያንስም።